ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ የቀረው

በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወንጌላዊቷን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። የጸሎት ቤቶቿ ታሸጉ፣ የባንክ ሒሳቧ ታገደ፣ ናዝሬት የነበረው ትምህርት ቤቷ ተወረሰ፣ ስድስት መሪዎቿም አራት ዓመት ያህል ታሰሩ። ያኔ የምእመናኑ ቁጥር ወደ 5,000 ይጠጋ ነበር። ደርግ ወድቆ በሮቹ ሲከፈቱ 34,000 ገደማ ደርሶ ተገኘ።

ይህ ቁጥር በየመድረኩ ይነሳል፤ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ እልል ለማሰኘት ነው። "ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያበዛታል" ይባልና ወደሚቀጥለው መዝሙር ይታለፋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ስደት ሁልጊዜ አያበዛም። ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው የኖባ ክርስትና ከጎረቤታችን ከሱዳን ጠፍቷል። እነ አውግስጢኖስን ያፈራችው የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን አልቆየችም። በግለሰብ ደረጃም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ወደ እግዚአብሔር ያስጠጋው ሕመም ሌላውን ከእምነቱ ያስወጣዋል። ጌታ በዘሪው ምሳሌ በጭንጫ ላይ ስለወደቀው ዘር ሲናገር መከራና ስደት ሲመጣ ወዲያው የሚሰናከለው ሥር ስለሌለው መሆኑን ነግሮናል (ማር. 4፥17)። ሥር ደግሞ ፀሐይ ከወጣ በኋላ አይበቅልም። ስለዚህ እኔን የሚያጓጓኝ የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም። በስንት ሰው፣ በማን ቤት፣ ምን ምን እያደረጉ ነው ያን ሁሉ ዓመት የዘለቁት?

ምእመናኑ የተከፋፈሉት በየቤቱ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው በሚይዙ ቡድኖች ነው። ቁጥሩ ተራ ነገር ይመስላል፤ ብዙውን ነገር የሚወስነው ግን እሱ ነው። አምስት ሰው ቡና ሊጠጣ ተሰበሰበ ቢባል ያስኬዳል። አሥራ አምስት ሰው ከሆነ ስብሰባ ነው፤ ጎረቤት በር ላይ ያለውን ጫማ መቁጠር ይጀምራል። አምስት ሰው ያለ ድምፅ ማጉያና ያለ መድረክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊጸልይ ይችላል። ከአምስት ሰው አንዱ ከቀረ በዚያው ቀን ይታወቃል፤ ታሞ ነው? ታስሮ ነው? ወይስ ፈርቶ? ሦስት መቶ ሰው በሚያስቀምጥ አዳራሽ ግን ሰው ሁለት ወር ቀርቶ ማንም ላያስተውል ይችላል። በትንሽ ቡድን ውስጥ ደግሞ ተመልካች ሆኖ መቀመጥ አይቻልም። ዛሬ ያላነበበው በሚቀጥለው ሳምንት ያነባል፤ በሰው ፊት ጸልዮ የማያውቀውም አፉን ይፈታል። ሴቶች በዚያ ዘመን በመሪነት የነበራቸው ትልቅ ድርሻም የመጣው በዚህ በኩል ነው፤ በታወቁት ወንዶች ላይ ዓይን ሲበዛ ቡድን መያዙና ቤት ለቤት መዞሩ በእነሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሰብሰብ ማለት ሲያስፈልግ ልደት፣ ሠርግና ለቅሶ መሸፈኛ ሆኑ። በለቅሶ ቤት ሰው ለምን በዛ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ቀደም ብሎም ወላይታ ተመሳሳይ ነገር አይታለች። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን እዚያ ወንጌል ይሰብኩ የነበሩትን የውጭ አገር ሚስዮናውያን ሲያስወጣ ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ሰዎች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። በእጃቸው ያለው በቋንቋቸው የተተረጎመ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነው። መሪዎቻቸው ተገርፈዋል፣ ታስረዋል። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ አገኙ። እዚያም የሠራው በቤት የሚሰበሰብ፣ የሰማውን በቃሉ ይዞ ለሌላው የሚናገር ትንሽ ኅብረት ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለ ቡድን ለመያዝ የሚያስብ ካለ ጥቂት ነገር ልበል። ለአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሩብ ሰዓቱ ለእያንዳንዱ ሰው "ሳምንቱ እንዴት ነበር?" ብሎ በእውነት ለመጠየቅ ይሁን፤ ግማሽ ሰዓት አንድ ምዕራፍ አንብቦ ለመነጋገር፤ የቀረው ሁሉ ለጸሎት። ቡድኖች የሚበላሹባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ስምንትና ዘጠኝ ሲደርሱ ለሁለት አለመከፈል ነው። ተዋድደዋልና መለያየቱ ይከብዳል፤ እያደር አሥራ አራት ይሆኑና ሦስቱ ብቻ የሚናገሩበት ትንሽ ጉባኤ ሆኖ ያርፋል። ሁለተኛው አንድ የሚጥም አስተማሪ መገኘቱ ነው። ሰዎቹ እሱን ለመስማት ይመጣሉ፤ እሱ ሲታሰር ወይም አገር ሲለቅ አብረው ይበተናሉ። ሦስተኛው ሁሉንም የሚያፈርሰው ነው፤ የጸሎት ርዕስ ሆኖ የገባው ነገር ሐሜት ሆኖ ይወጣል። አንዲት እህት ስለ ትዳሯ አልቅሳ የነገረችው በሦስተኛው ቀን በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ከደረሳት ዳግመኛ አፏን አትከፍትም፤ አብረዋት የነበሩትም አይከፍቱም። ስለዚህ ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን ይነገር፤ እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል፣ ለትዳር ጓደኛም አይወራም።

ፈተና ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጥይትና እስር ነው። በደርግ ዘመን ግን የብዙ ሰው ፈተና ከዚያ ያነሰና የሚደጋገም ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ሆን ተብሎ እሁድ ጠዋት ይጠራል። ያልተገኘ ስሙ ይመዘገባል፤ ቀበሌ ደግሞ የስኳሩም የመታወቂያውም ጌታ ነው። በስብሰባው ላይ ግራ እጅ ተነስቶ መፈክር ይባላል፤ ከመፈክሮቹ አንዳንዱ አብዮቱን ከሁሉ በላይ የሚያደርግ ነው። ዝም ያለ ሰው ከጎኑ ባለው ይታያል። "ጴንጤ" የሚለው ስድብ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በሰፈር ይከተለዋል። ማንም "ክርስቶስን ካድ" አላለውም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንዲለሳለስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሰውን የሚጥለው የዚህ ዓይነቱ ነው። ለትልቁ ቀን ሁሉም ይዘጋጃል፤ ሃምሳ ሁለት ተራ እሁዶችን ግን የሚያስታውስ የለም።

ለዚህ የሚረዳው ዳንኤል ያደረገው ነው። ዳንኤል ሁሉን እምቢ አላለም። የባቢሎንን ትምህርት ተማረ፣ በባቢሎን ስም ተጠራ፣ በቤተ መንግሥት ሠራ። የንጉሡን መብልና ጠጅ ላይ ሲደርስ ግን እንዳይረክስ አስቀድሞ በልቡ ወስኖ ነበር፤ ውሳኔውንም ይዞ በትሕትና ወደ አለቃው ሄዶ የአሥር ቀን ሙከራ ጠየቀ። እምቢታውም ቢሆን መውጫ የሚሰጥ አማራጭ ነበረው። ኋላ ላይ ጸሎት ሲከለከል አዲስ ነገር አልጀመረም፤ በቀን ሦስት ጊዜ መንበርከክን ከዚያ በፊትም የለመደው ነው።

ስለዚህ ሥራ ቦታ ላይ የሐሰት ደረሰኝ እንዲፈርም የሚገፋ፣ በቤተሰቡ በኩል ወደ ባዕድ አምልኮ የሚጠራ፣ በእጮኛው በኩል እምነቱን እንዲተው የሚለመን ሰው አንድ ወረቀት ይዞ ይቀመጥ። በእምነቴ ቅር ሳይለኝ የማደርገው ምንድን ነው? የፈለገ ቢመጣ የማላደርገውስ? እርግጠኛ ስላልሆንኩ ምክር የምጠይቅበትስ የትኛው ነው? ሦስቱንም ይጻፋቸው። የማላደርገው በሚለው ስር ከሦስትና ከአራት ነገር በላይ ካለ እንደገና ይየው፤ ብዙ ጊዜ ምርጫን ከእምነት ጋር ቀላቅሎ ነው። ስብሰባ መሄድና መፈክር ማለት አንድ አይደሉም፤ ይህን ያልለየ ሰው በማይገባ ቦታ ጉልበቱን ይጨርሳል። ሦስተኛውን ክፍል ደግሞ ብቻውን አይፍታው። ፈርቶ ያለ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ ወደ ምቹው ያዘነብላል፤ ተቆጥቶ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ከባዱ።

መሸሽስ? ይህ ጥያቄ በየዘመኑ ይነሳል፤ ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ የሚሰጥ ሰው ሲያጋጥመኝ እጠራጠራለሁ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋቸውን ጥለው መሄድን እምቢ አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኡራኤል ከሰበኩ በኋላ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ብዙ ስቃይ ደርሶባቸው ወደ አሥር ዓመት ታስረዋል። በዚያው ክረምት ከመንበራቸው ተነስተው በእስር የቆዩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። በሌላ በኩል በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ አለ። የሮም ንጉሥ ዳኬዎስ በ250 (እ.ኤ.አ.) ሁሉም ለአማልክት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ቆጵርያኖስ ተሸሸገ፤ ከተሸሸገበት ሆኖ በደብዳቤ ቤተ ክርስቲያኑን መራ፤ ፈሪ ነው ተብሎም ተወቀሰ። ከስምንት ዓመት በኋላ በሌላ ስደት ቀርቦ "ክርስቲያን ነኝ" ብሎ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። ጌታም ራሱ በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏል። መለኪያ አድርጌ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ከሸሸሁ የምተዋቸውን ሰዎች ማን ይዟቸው ይቀራል? ቆጵርያኖስ ደብዳቤውን ስላላቋረጠ ወቃሾቹ ልክ ነበሩ ብዬ አላስብም፤ አቋርጦ ቢሆን ግን ልክ ይሆኑ ነበር።

አሁን ወደ ብዙዎቻችን ፈተና ልምጣ። መሣሪያ የያዘ ሰው የለበትም፤ ማለቂያም የለውም። በስኳር በሽታ የተያዘ ባል፣ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድም፣ የማይጸንስ ማኅፀን፣ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ የሚደረግ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ነው። እንዲህ ያለው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ላይ ነው። ከአንድ ጉባኤ ወይም ከአንድ ሱባዔ ተነስቶ በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት እጸልያለሁ ብሎ ይሳላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ይዘልቃል። ከዚያ አንድ ሌሊት ይተኛል፤ ጠዋት ይጸጸታል፤ በጸጸቱ ምክንያት በማግሥቱ መንበርከክ ያፍራል፤ በወሩ ምንም አይጸልይም። ያጣው ነገር የእምነት ጥንካሬ አይደለም። ከአቅሙ በላይ የሆነ ስለት ነው የጣለው።

በከባድ ቀን እንኳ የሚቻል ልክ ይያዝ። ጠዋት አንድ መዝሙር፣ ማታ አንድ መዝሙር፣ በመካከል አቡነ ዘበሰማያት፤ ሁሉም ተደምሮ ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም። ጉልበት ያለበት ቀን ይጨመርበት፤ ከዚህ በታች ግን አይወረድ። ልብ ባይኖርም ይነበብ። ኦርቶዶክሳውያን መዝሙረ ዳዊትን በሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው መድገማቸው በዚህ በኩል ትልቅ ጥበብ አለው፤ ሰውየው ዛሬ ምን እንደሚሰማው አይጠይቅም፣ የቀኑ ድርሻ ይጠብቀዋል። እኛ ወንጌላውያን "ከልብ ካልሆነ" እያልን የጣልናቸው ብዙ ነገሮች ልብ በደከመ ጊዜ ሰው የሚደገፍባቸው ነበሩ።

መዝሙራትንም ስንመርጥ የሚያስደስቱትን ብቻ አንምረጥ። ብዙዎቹ ሙሾ ናቸው። መዝሙር 87ን (በሌላው አቆጣጠር 88ን) ተመልከቱ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፣ የሚያልቀውም በጨለማ ነው። እንደ ሌሎቹ መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይዞርም። ያም ሆኖ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ጸሎት ነውና። ልጁ የሞተበትን ሰው በሁለተኛው ቀን "አመስግን" ብለን የምናስጨንቀው ይህን መዝሙር ስላላነበብነው ይመስለኛል።

በቃል መያዝ የተናቀ ልማድ ሆኗል፤ ሞባይሉ አለ ይባላል። ሞባይል ይወሰዳል፣ ዓይን ይታመማል፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ፊደል ይደበዝዛል። መዝሙር 1 ስድስት ቁጥር ነው፤ "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የሚለው ስድስት፤ "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ" የሚለው ስምንት። ሦስቱ ሃያ ቁጥር ናቸው። በሳምንት ሁለት ቁጥር የያዘ ሰው በአሥር ሳምንት ይጨርሳቸዋል። ቶሎ ለመያዝ የሚጣደፍ ቶሎ ይረሳል፤ ስለዚህ አዲሱን ከመጀመር በፊት የያዙትን በየቀኑ አንዴ ጮክ ብሎ ማለት ያስፈልጋል።

ሥጋንም እንዳንረሳው። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም። ከተኛበት ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ኤልያስ እንደገና ተኛ፣ መልአኩም እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር "ምን ታደርጋለህ?" ብሎ የጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ደርሶ ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያላየች አስታማሚ እምነቷ የቀዘቀዘ ከመሰላት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት አንድ ሰው ሌሊቱን ተክቷት እሷ ስምንት ሰዓት እንድትተኛ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ለቅሶው፣ ራስን መጥላቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ይልቁንም መሞት የሚለው ሐሳብ ከመጣ፣ ሐኪም ይታይ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

ስለ መድኃኒትም ግልጽ ልሁን፤ ሰው ሞቶበታልና። "ተፈውሰሃል፣ ክኒኑን ጣል" የሚል አገልጋይ ሐኪም አይደለም። ኢንሱሊን በድንገት ያቋረጠ በቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል፤ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ያቋረጠ ቫይረሱ ይነሳበታል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድበት ይችላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበልና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ለእኛም ይበቃል። የተፈወሰ ሰው ምርመራ አይፈራም። መድኃኒቱን እየወሰደ ይጸልይ፤ ውጤቱ ሲለወጥ ማቆሙን ሐኪሙ ይንገረው። ጾምም እንዲሁ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ከቀዶ ጥገና የተነሳ ሰው ሥጋውን ከሚያስርብ ለተወሰነ ጊዜ ስልኩን ቢጾም ይሻላል።

በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ሁሉ በከባዱ ያውቁታል። ብዙዎቹ የእረፍት ቀን የላቸውም፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የለም፤ ስልኩም በማዳሟ ፈቃድ ነው። በኤሚሬትስ፣ በኩዌት፣ በባሕሬንና በኳታር የተፈቀዱ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በሳዑዲ የሉም፤ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን፣ 29ኙ ሴቶች፣ ተይዘው ለወራት ከታሰሩ በኋላ ከአገር ተባርረዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ላለች እህት የሚሆነው ጸሎት ሳህን እየታጠበ በልብ የሚባለው ነው፤ በቃል መያዝ ያልኩት ለዚህ ዋጋ አለው። አገር ቤት ያለን ሰዎች ደግሞ ሳናስበው አደጋ እናመጣባቸዋለን። የጸሎት ቡድኑን ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስማቸውንና ከተማቸውን እየጠራን እንጸልይላቸዋለን። ይህ ይቅር። ከእነሱ ጋር የሚደረግ ጸሎት ቀጠሮ ያለው፣ አጭር፣ ያልተቀዳ ይሁን፤ ሰዓቱን የምትመርጠውም እሷ ትሁን፤ ማዳሟ መቼ እንደምትተኛ የምታውቀው እሷ ናት።

ስለ ወደቁትም ሳይነገር አይታለፍም። በዳኬዎስ ዘመን መሥዋዕት ያቀረበ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር፤ ከእነዚህ ወረቀቶች ከአርባ በላይ የሚሆኑ በግብፅ በፓፒረስ ላይ ተጽፈው ተገኝተዋል። ብዙ ክርስቲያኖች ሠውተዋል፤ ሌሎች ሳይሠዉ በጉቦ ወረቀቱን ገዝተዋል። ስደቱ ሲበርድ ብዙዎቹ ተመልሰው መጡ። ግማሹ ሰው "አይመለሱም" አለ፤ ለእምነታቸው ከታሰሩት አንዳንዶቹ ደግሞ ለወደቁት እንደ ይቅርታ ደብዳቤ ያድሉ ጀመር። በ251 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰበው የካርቴጅ ጉባኤ በሁለቱ መካከል ሄደ፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይመርመር፣ ወረቀት ብቻ የገዛው ቶሎ ይመለስ፣ የሠዋው ረጅም ንስሐ ይግባ፣ ለሞት የቀረበ ግን ቁርባን አይከልከል። ሰውን በዚህ ልክ የተረዳ ውሳኔ ብዙ አላየሁም።

በእኛም ዘንድ ጴጥሮስን ይቅር ያለውን ጌታ እየሰበክን አንዴ የወደቀውን ሰው ለዓመታት በጎን እናየዋለን፤ ወይም ተቃራኒውን አድርገን የተመለሰ ቀን ማይክ እናስይዘዋለን። ሁለቱም ይጎዳዋል። የተመለሰውን በመጀመሪያ የሚያገኘው አንድ የሚታመን ሰው ይሁን፣ ኮሚቴ አይሁን። ዝርዝሩን ለማወቅ ያለን ጉጉት ይታቀብ። መሪነት ከነበረው ወዲያው አይመለስበት፤ ማዕዱና ጸሎቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ክፍት ይሁኑለት። ታስሮ የወጣው ወንድምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እስሩን ችሎ ምስጋናው የሚጥለው ሰው አለ፤ ቁስሉን መዓርግ ካደረግንበት ያልታሰሩትን መዳኘት ይጀምራል።

የመጨረሻው ነገር ጥየቃ ነው። እኛ ለቀስተኛን በመጀመሪያው ቀን እንሞላዋለን፤ ከአርባው በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። በሽተኛም በመጀመሪያው ወር ቤቱ ሰው አያጣም፤ በሁለተኛው ዓመት ስልክ የሚደውልለት የለም። ሰው የሚያቅማማው ደግሞ በዚያን ጊዜ ነው። አራት ቤተሰብ ተነጋግሮ ወሩን ቢካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ይደርሰዋል። በዚያ ሳምንት አንዴ ይሂድ፤ ከሃያ ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ በሽተኛ ሰው ማስተናገድ ይደክመዋል። ቡና አፍሉ አይባል። ለምን እንደታመመ አይተንተን፣ የሌላ ሰው ፈውስ ታሪክም አይነገረው። አንድ አጭር መዝሙር ተነብቦ ይጸለይ። "የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩን" ማለት ለቤቱ እናት ሌላ ሥራ መስጠት ነው፤ ማን ይለምናል? ይልቅ "ሐሙስ ከሰዓት ዘይትና ሽንኩርት ይዤ እመጣለሁ፤ ለዲያሊሲስ ማክሰኞ የሚያደርሳችሁ አለ ወይስ እኔ መኪና ይዤ ልምጣ?" ይባል። ተራው የደረሰው ሰው መሄድ ካልቻለ ቀድሞ ለቀጣዩ ይደውል፤ ሳምንቱ ባዶ ካለፈ በሚቀጥለውም ይቀራል።